ፈጣኑን ከመምረጥህ በፊት መብራቱን አጥፋበት

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሁለት ሚሞሪ (ራም) ላይ የሚሠሩ ዳታቤዞችን በቤንችማርክ (በፍጥነት መለኪያ ፈተና) ለካህ፤ አንዱ በሰከንድ የሚያስተናግደው ጥያቄ የሌላውን እጥፍ ሆነ። ፈጣኑን ልውሰድ ወይ?

ገና አትውሰድ። ስትለካ ሁለቱም ዲስክ ላይ ይጽፉ ነበር? አንዱ እየጻፈ ሌላው ካልጻፈ ውድድሩ ከንቱ ነው። ሚሞሪ ላይ ከሚሠሩት ዳታቤዞች አንዱን፣ ሬዲስን እንውሰድ። ኤኦኤፍ የሚባለው፣ ጽሑፎችን ዲስክ ላይ የሚያሰፍርበት መዝገቡ ሦስት አማራጭ አለው፦ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ኤፍሲንክ ማድረግ (ዳታው ዲስኩ ላይ በእርግጥ እንዲሰፍር ማስገደድ)፣ በየሰከንዱ ማድረግ፣ ወይም ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መተው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ሰፊ ነው። ሜምካሽድ የሚባለውን ሌላውን ግን ካሽ (የዳታ ጊዜያዊ ማቆያ) አድርገህ ብቻ ነው የምታስበው፤ ካልነካካኸው ሰርቨሩ ሲነሳ ባዶውን ነው የሚነሳው።

የሬዲስ ቤንችማርክ ራሱ ካልነካካኸው በ50 ክላየንት (ጥያቄ ላኪ)፣ በ3 ባይት ዳታ፣ አንድ ኪይ (የዳታ መጠሪያ) ላይ ነው የሚደበድበው። የማን ሲስተም እንዲህ ነው? የራስህን የዳታ መጠንና የንባብና የጽሑፍ ድርሻ ስጠው። ፓይፕላይን (መልስ ሳይጠብቁ ብዙ ትእዛዝ አከታትሎ መላክ) ከከፈትክ ደግሞ ቁጥሩ ይተኮሳል፤ አፕሊኬሽንህ ፓይፕላይን ካልተጠቀመ ግን ምንም አይጠቅምህም። ክላየንቱን ሌላ ማሽን ላይ አስቀምጥ። ራም በናኖሰከንድ ሲመልስ ኔትወርኩ በማይክሮሰከንድ ይቆጥራል፤ ብዙ ጊዜ የምትለካው ኔትወርክህን ነው።

የመልስ ጊዜውን አማካይ ተወው፣ ፒ99ን (ከመቶ ጥያቄ 99ኙ የሚመለሱበትን የጊዜ ጣሪያ) እይ። ሬዲስ ትእዛዞችን የሚፈጽመው በአንድ ትሬድ (ተራ በተራ) ስለሆነ አንድ ሰው ፕሮዳክሽን (ሥራ ላይ ያለ ሲስተም) ላይ «ኪይስ» (ኪዮቹን ሁሉ የሚፈትሽ ትእዛዝ) ካለ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ስናፕሾት (የሙሉ ዳታውን ቅጂ) ሲያነሳም ፎርክ ያደርጋል፣ ማለትም ፕሮሰሱን ያባዛል። በዚያ ሰዓት ጽሑፍ ከበዛ የሚሞሪ ፍጆታው እጥፍ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ራሙን ጥግ ድረስ ሞልተኸው ከሆነ ሊኑክስ መጥቶ ፕሮሰሱን ይገድልልሃል። ስለዚህ ፈተናውን ስናፕሾት በሚነሳበት ሰዓት አስኬደው፤ ባዶ ዳታቤዝ ላይ ሁሉም ፈጣን ነው።

አስተማማኝነቱን እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው። ክላየንቱ ተከታታይ ቁጥር ይጽፋል፤ «ኦኬ» የተባለውን እያንዳንዱን ቁጥር ሌላ ማሽን ላይ ይመዘግባል። በመሃል ማሽኑን ድንገት አጠፋዋለሁ። ሲነሳ መዝገቡንና ዳታቤዙን አስተያያለሁ። «ኪል ናይን» (ፕሮሰሱን በግድ የሚገድል ትእዛዝ) ብቻ ብለህ «ምንም አልጠፋም» እንዳትል! ፕሮሰሱ ቢሞትም የጻፈው ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ስላለ ዲስክ ላይ ይደርሳል። እውነቱ የሚወጣው መብራቱ ሲጠፋ ነው፤ በየሰከንዱ በሚለው ሴቲንግ የአንድ ሰከንድ ያህል ጽሑፍ ሊጠፋ ይችላል።

ሬፕሊካ (የዳታቤዙ ሁለተኛ ቅጂ) አለኝ ብለህም አትዘናጋ። የሬዲስ ሬፕሊኬሽን አሲንክሮነስ ነው (ቅጂው እስኪደርስ አይጠብቅም)፤ ማስተሩ (ዋናው ዳታቤዝ) «ኦኬ» ብሎህ ሬፕሊካው ጋ ሳይደርስ ሊሞት ይችላል። ሬፕሊካው እስኪቀበል የሚያስጠብቀው «ዌይት» የሚለው ትእዛዝ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም።

ለሴሽን (ተጠቃሚው ገብቶ ሳለ ለሚያዝ ጊዜያዊ መረጃ) እና ለካሽ ከሆነ ይህን ሁሉ እርሳው፣ ፈጣኑን ውሰድ። ገንዘብ ነክ ዳታ ከሆነ ግን የእያንዳንዱ ጽሑፍ ኤፍሲንክ በርቶ እንደገና ለካቸውና ውጤቱን እዚሁ ለጥፍልን። ደረጃቸው ቢገለባበጥ አይግረምህ።