የአንባቢያን ጥያቄ፦ አንድ ጭጋግ ወይስ አምስት ጋላክሲዎች?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ትልልቅ ቴሌስኮፕ ካላቸው አንባቢያን የደረሱን ናቸው። ሁሉም ተጠጋግተው ስለሚታዩ ደብዛዛ የጋላክሲ ቡድኖች ይጠይቃሉ። በማግኒትዩድ (የሰማይ አካላት ድምቀት መለኪያ) አቆጣጠር ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርሃኑ እንደሚደክም ልብ ይሏል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ያለኝ ባለ 40 ሳ.ሜ. መስተዋት ዶብሶኒያን (በቀላል መቆሚያ ላይ በእጅ የሚዞር ቴሌስኮፕ) ነው፤ የትኩረት ርቀቱ 1800 ሚ.ሜ. ነው። የስቴፋን ኩዊንቴት የሚባሉትን አምስት ጋላክሲዎች በ20 ሚ.ሜ. የዓይን ሌንስ ስፈልግ የማየው አንድ ደብዛዛ ጭጋግ ብቻ ነው። የምመለከትበት ቦታ ጨለማ ነው። መስተዋቱ አንሶኝ ይሆን?

መልስ፦ መስተዋትዎ ከበቂ በላይ ነው፤ ያነሰዎት ማጉላት ነው። የ20 ሚ.ሜ. ሌንስዎ 90 ጊዜ ብቻ ያጎላል። ቡድኑ በሙሉ የታጨቀው 4 የቅስት ደቂቃ ገደማ ስፋት ውስጥ ሲሆን (የቅስት ደቂቃ የዲግሪ 1/60፣ የቅስት ሰከንድ የዚያ 1/60 ነው)፣ ኤንጂሲ በሚባለው የሰማይ አካላት መዝገብ 7318 ሀ እና ለ የተባሉት ጥንዶች እምብርቶች የሚራራቁት ወደ 20 የቅስት ሰከንድ ነው። ይህ ርቀት በ90 ጊዜ ሲጎላ ለዓይንዎ ግማሽ ዲግሪ ይሆናል። በቀን ብርሃን ግማሽ ዲግሪ ሰፊ ቦታ ነው፤ በጨለማ ግን ዓይን ዝርዝር የመለየት አቅሙ ክፉኛ ስለሚወርድ ሁለቱ ይዋሃዳሉ።

ብዙዎች ማጉላትን የሚሸሹት ምስሉ ይጠቁራል ብለው ነው። እውነት ነው፣ ይጠቁራል፤ ነገር ግን የጀርባው ሰማይም በዚያው ልክ ስለሚጠቁር በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ምጣኔ አይለወጥም። የሚጨምረው የጋላክሲው ስፋት ነው። በጨለማ የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ደግሞ ደካማ ወገግታን የሚለዩት ሰፋ ብሎ ሲቀርብላቸው ነው። ስለዚህ በ20 ሚ.ሜ. ሌንስ ቦታውን ካገኙ በኋላ ወደ 9 ሚ.ሜ. (200 ጊዜ)፣ ከዚያ ወደ 6 ሚ.ሜ. (300 ጊዜ) ይሂዱ። የመስተዋቱን ስፋት በሚሊሜትር ለማጉላቱ ሲያካፍሉ ከሌንሱ ወደ ዓይንዎ የሚገባውን የብርሃን ዘንግ ስፋት ያገኛሉ፤ በ200 ጊዜ 2 ሚ.ሜ.፣ በ300 ጊዜ 1.3 ሚ.ሜ. ይሆናል። ለትንንሽ ጋላክሲዎች ምርጡ ውጤት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። ከ1 ሚ.ሜ. ሲያንስ ትርፉ ይቀንሳል።

ወደ ቦታው የሚያደርስዎት በፔጋሰስ ኅብረ ከዋክብት ያለው ደማቁ ጋላክሲ ኤንጂሲ 7331 ነው፤ ቡድኑ ከእሱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ጋደል ብሎ ይገኛል። በመጀመሪያ የሚታይዎት ኤንጂሲ 7320 ነው። ቀጥሎ ጥንዶቹ 7318 እንደ አንድ ሞላላ ብርሃን ብቅ ይሉና ማጉላት ሲጨምሩ ሁለት እምብርት ይኖራቸዋል። ኤንጂሲ 7317 ትንሽና ክብ ነው፤ ጎኑ ላይ የተለጠፈ ኮከብ ስላለ ብዙ ተመልካች የኮከቡ ጮራ መስሎት ያልፈዋል። የመጨረሻው ኤንጂሲ 7319 ብርሃኑ በሰፊው የተበተነ በመሆኑ ከሁሉም ይከብዳል፤ እሱን ሲያጡ አይደነቁ። ቀድሞ የሚታየው 7320 የቡድኑ አባል አይደለም። እሱ ያለው 40 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ ሲሆን የቀሩት አራቱ ወደ 290 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃሉ። ኤዱዋር ስቴፋን እ.ኤ.አ. በ1877 በማርሴይ ሆኖ ያገኛቸው በ80 ሳ.ሜ. መስተዋት ነበር፤ ዛሬ በእውነት ጨለማ በሆነ ሰማይ ሥር 30 ሳ.ሜ. መስተዋት አብዛኞቹን ያሳያል።

ጥያቄ፦ የሂክሰን መዝገብ 100 ቡድኖች አሉት ይባላል። ከቁጥር 1 ጀምሬ በተራ ብሄድ ይሻላል?

መልስ፦ በተራ አይሂዱ። ቁጥሩ የሰማይ ላይ አቀማመጣቸውን እንጂ ቅለታቸውን አይከተልም። ፖል ሂክሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ይህ መዝገብ የተሰበሰበው ከፓሎማር የምልከታ ጣቢያ የሰማይ ፎቶግራፎች ነው። አንድ ቡድን እንዲመዘገብ ቢያንስ አራት ጋላክሲዎች ሊኖሩት፣ የአራቱም ብርሃን ከደማቁ አባል በ3 ማግኒትዩድ ክልል ውስጥ መሆን ነበረበት። ለእኛ ይህ መስፈርት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ደማቁ አባል 13 ማግኒትዩድ ቢሆን አራተኛው ወደ 16 ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ቡድን ሲመርጡ የደማቁን ሳይሆን የአራተኛውን ቁጥር ይዩ። የሂክሰን ማግኒትዩዶች የተለኩት በሰማያዊ ብርሃን መሆኑንም ያስቡ፤ አብዛኞቹ ጋላክሲዎች ወደ ቢጫ ስለሚያደሉ ለዓይን ከተጻፈው ከ0.7 እስከ 1 ማግኒትዩድ ያህል ደምቀው ይታያሉ።

መጀመሪያ በአሰድ (ሊዮ) ያለውን ሂክሰን 44 ይያዙ። ጋማ እና ዜታ በተባሉት ሁለት ኮከቦች መካከል ነው። ኤንጂሲ 3190 እና 3193 ወዲያው ይታያሉ፣ 3185 ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ 3187 ደግሞ የሰማዩን ጥራት የሚፈትን ነው። ከዚያ በኬነስ ቬናቲሲ ያለው ሂክሰን 68 ይከተል፤ አጠገቡ ያለው 6.5 ማግኒትዩድ ገደማ ብርቱካናማ ኮከብ ዓይን ስለሚያውክ ከዕይታው ክበብ ያስወጡት። በሴተስ ያለው ሂክሰን 16 አራቱንም አባላት ያለ ብዙ ትግል ይሰጣል። የስቴፋን ኩዊንቴት፣ ማለትም ሂክሰን 92፣ ከእነዚህ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

በሰርፐንስ ያለው ሂክሰን 79፣ የሴይፈርት ሴክስቴት (ስድስቱ) የሚባለው፣ ከዚህ ሁሉ የተለየ ሥራ ነው። ዋናዎቹ አባላት ከ2 የቅስት ደቂቃ ባነሰ ቦታ ተደራርበዋል፤ ከ300 ጊዜ በታች አይሞክሩት። ስድስተኛ ተብሎ የተቆጠረው ራሱን የቻለ ጋላክሲ ሳይሆን ከአንዱ አባል ተስቦ የወጣ የከዋክብት ጅራት ነው። በአሰድ ያለው ሂክሰን 57 ሰባት አባላት አሉት፤ ራልፍ ኮፕላንድ እ.ኤ.አ. በ1874 ያገኛቸው በ1.8 ሜትሩ የሎርድ ሮስ ቴሌስኮፕ ነው። በ40 ሳ.ሜ. መስተዋት ሦስት ወይም አራቱን መለየት ጥሩ ውጤት ነው። ሂክሰን 50ን ግን ይተዉት፤ ከዚህ መስተዋት አቅም በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ለኔቡላ (የጋዝ ደመና) የገዛሁት ማጣሪያ ለጋላክሲ ይረዳል?

መልስ፦ አይረዳም። የኔቡላ ማጣሪያ የሚያሳልፈው ጥቂት ጠባብ ቀለሞችን ነው። የጋላክሲ ብርሃን ግን የከዋክብት ብርሃን ድምር ስለሆነ በሁሉም ቀለም ተበትኗል፤ ማጣሪያው ከሰማዩ ጋር እሱንም ይቆርጠዋል። ለማጣሪያ የሚወጣው ገንዘብ ጨለማ ቦታ ለመሄጃ ቢውል ይሻላል።

ጥያቄ፦ በ300 ጊዜ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ይንቦራቀቃሉ፤ ትንንሾቹ ጋላክሲዎችም ይጠፉብኛል። ጥፋቱ የሌንሱ ነው?

መልስ፦ ሌንሱን ከመውቀስዎ በፊት ደመቅ ያለ ኮከብ ይያዙና ትኩረቱን በጥቂቱ አዛንፈው ክብ ብርሃኑን ይመልከቱ። በክቡ ላይ ቀስ እያለ የሚሳብ ሞገድ ካዩ መስተዋቱ ከአየሩ ይሞቃል ማለት ነው። ከ4 እስከ 5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው መስታወት ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ ፊቱ ላይ ቀጭን የሞቀ አየር ያነጥፋል። ከምልከታው 2 ሰዓት ቀድመው ቴሌስኮፑን ደጅ ያውጡና ከመስተዋቱ ጀርባ ማራገቢያ ያስነሡበት። ሞገዱ በፍጥነት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሮጥ ከሆነ ችግሩ የላይኛው አየር ነውና የሚያደርጉት የለም፤ በዚያ ሌሊት ሂክሰን 79ን ትተው እንደ 44 ያሉትን ሰፋፊዎች ይዩ።

ትኩረቱ ሊስተካከል ትንሽ ሲቀረው የክቡ ጥላ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ መስተዋቶቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ኤፍ 4.5 በሆነ፣ ማለትም የትኩረት ርቀቱ የስፋቱ 4.5 እጥፍ በሆነ መስተዋት ኮከብ ጅራት የማያወጣበት ቦታ በትኩረቱ ላይ 2 ሚ.ሜ. ስፋት ብቻ አለው፤ ጥቂት ብትዛነፍ እንኳ ምርጡ ምስል ከመሃል ይወጣል። መጀመሪያ ትንሹን፣ ከዚያ ዋናውን መስተዋት ያስተካክሉ። ይህንን የሚያደርጉት ቱቦውን በሚያዩበት ከፍታ፣ ለምሳሌ 60 ዲግሪ ላይ፣ አቁመው ይሁን፤ አካሉ ሲዘነብል አቀማመጡ ይለወጣልና። ክቡ ሞላላ ሆኖ በትኩረቱ ወዲያና ወዲህ 90 ዲግሪ የሚዞር ከሆነ መስተዋቱ ታንቋል፤ በማቀፊያዎቹና በመስተዋቱ መካከል አንድ ወረቀት እስኪያልፍ ያላሉ። ራስዎን ሲያዘነብሉ ሞላላውም አብሮ ከዞረ ግን ችግሩ የዓይንዎ ነው።

ጥያቄ፦ ደብዛዛው አባል ውልብ ብሎ ይጠፋል። በእርግጥ እንዳየሁት በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ውልብታውን ማብዛት ይቻላል። ዓይንዎን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከጨለማ ያላምዱ፤ ቀይ መብራትም ቢሆን ከደመቀ ይጎዳል። ጭንቅላትዎን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑ። ጋላክሲውን ፊት ለፊት አይመልከቱት፤ በቀኝ ዓይን የሚያዩ ከሆነ ከጋላክሲው ወደ ቀኝ፣ በግራ ከሆነ ወደ ግራ ገሸሽ አድርገው ይመልከቱ። በተቃራኒው ካደረጉት ብርሃኑ የዓይን ነርቭ በሚወጣበት ዕውር ቦታ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቱቦውን በጣት መታ መታ ማድረግም ይረዳል፤ ዓይን ከቆመ ይልቅ የሚንቀሳቀስ ደብዛዛ ነገር ቶሎ ይይዛል። ትንፋሽዎን ግን አይያዙ።

ማረጋገጫው የሰማይ ፎቶ ነው፤ አጠቃቀሙ ግን ሥርዓት ይፈልጋል። ከ15 እስከ 20 የቅስት ደቂቃ የሚሸፍን ምስል ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርገው ያትሙ። በዶብሶኒያን ለመጠቀም ገጹን 180 ዲግሪ አዙረው ይያዙት። ቴሌስኮፑን ሳይነኩት ከዋክብት ተንሸራተው የሚወጡበት ጎን ምዕራብ ነው። ደማቁን አባል ከለዩ በኋላ የደብዛዛውን ቦታ ከፎቶው ሳያዩ በወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ዓይንዎን ያሳርፉ፣ እንደገና ይመልከቱ። ሦስት ጊዜ በአንድ ቦታ ከመጣ ፎቶውን ያውጡና ያስተያዩ። በዚያው ክበብ ውስጥ ብርሃኑ የታወቀ ደካማ ኮከብም ይፈልጉ፤ የ15.5 ማግኒትዩድ ኮከብ ካልታየዎት ብርሃኑ የተበተነ የ15.5 ጋላክሲ አይታይዎትም።

በማስታወሻዎ ለእያንዳንዱ አባል «ሳይቋረጥ ታየ»፣ «ከግማሽ ጊዜ በላይ ታየ» ወይም «ውልብ አለ» ብለው ለይተው ይጻፉ፤ ማጉላቱንና ከአድማስ ያለውን ከፍታም ይጨምሩበት። ውልብ ብቻ ያለውን በሌላ ሌሊት ቡድኑ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ሲወጣ ይድገሙት። በ30 ዲግሪ ከፍታ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር አናት ላይ ካለው እጥፍ ነው፤ ልክ አናት ላይ ሲደርስ ደግሞ ዶብሶኒያን ለማዞር ያስቸግራል።