መልስ፦ «ሎንግሌግስ» የተባለው አስፈሪ ፊልም ላይ ገዳዩ ማን ነው?

ገዳዩ ቤት ሳይገባ ቤተሰቦቹ እንዴት አለቁ ላልከው፦ የሚገድሉት አባቶቹ ራሳቸው ናቸው። (ፊልሙን ያላያችሁ እዚህ ላይ አቁሙ።) ኒኮላስ ኬጅ የሚጫወተው ሰውዬ፣ ሎንግሌግስ፣ አሻንጉሊት ይሠራል። አሻንጉሊቷ ጭንቅላት ውስጥ ያለው የብረት ኳስ የሰይጣን ኃይል ይዟል፤ አባትየውን የሚያሳብደው እሱ ነው። መነኩሲት መስላ አሻንጉሊቷን ቤት ድረስ የምታደርሰው ደግሞ የመርማሪዋ የሊ እናት ናት። ልጇን ለማትረፍ ስትል የገባችበት ነገር ነው።

አልገባኝም ብለህ ራስህን አትውቀስ። ፊልሙ ግማሹን እንደ ኤፍቢአይ ምርመራ ያስኬድህና ድንገት ወደ ሰይጣን ሥራ ይታጠፋል። የለቀምከው ፍንጭ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ አቀባበሉ የተከፋፈለው ለዚህ ይመስለኛል፦ ሃያሲያን በአብዛኛው ወደዱት፤ ሲኒማስኮር በተባለው የተመልካች አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት የተጠየቁ ተመልካቾች ግን ሲ ፕላስ (C+) ብቻ ሰጡት። መጨረሻው ላይ እኔም ከተመልካቾቹ ጋር ነኝ። እናትየው ሁሉንም ዘርዝራ መተረኳ ፍርሃቱን ያበርደዋል።

ድጋሚ ካየኸው ግን በስልክ፣ በቀን ብርሃን እንዳታየው። እኔ መጀመሪያ እንዲያ አይቼ ተሸውጃለሁ። ዳይሬክተሩ ኦዝጉድ ፐርኪንስ ከሰዎቹ ጀርባ፣ ጨለማው ውስጥ፣ የሰይጣን ቅርጽ ደብቋል።