የአባቴ ወረቀት ላይ «ሲዲ» የሚል ተጽፏል፤ ኤችአይቪ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው። ለጉልበት ሕመም ሄደው ደም ሲመረመሩ ነጭ የደም ሴላቸው 41,000 ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው ሊምፎሳይት ነው ተባለ። ሐኪሙ ፍሎው ሳይቶሜትሪ የሚባል ምርመራ አዘዘላቸው። ወረቀቱ ላይ ሲዲ 5፣ ሲዲ 19፣ ሲዲ 23 እያለ ይቀጥላል። አባቴ ይህን ሲያዩ «ኤችአይቪ አለብህ ሊሉኝ ነው» ብለው ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰው ጋር ማውራት ትተዋል። ምርመራው ደግሞ ውድ ነው። ሴሉ መብዛቱ ከታወቀ ለምን ዝም ብለው ሕክምና አይጀምሩላቸውም?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው። ወረቀቱ የኤችአይቪ ምርመራ አይደለም። መደንገጣቸው ግን አይገርመኝም፤ እኛ አገር «ሲዲ ፎር» የሚለውን ስም ያወቅነው በኤችአይቪ ምክንያት ነው፣ ስንቱ ሰው ሲዲ ፎሬ ስንት ደረሰ እያለ ሲጨነቅ ኖሯል። ሲዲ ፎር ግን ከሦስት መቶ ከሚበልጡ መለያዎች አንዱ ብቻ ነው። ሲዲ ማለት በሴሉ ሽፋን ላይ ለሚገኝ ፕሮቲን የተሰጠ መለያ ነው፤ ቁጥሩም የዓለም ተመራማሪዎች በ1982 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ማውጣት የጀመሩት ነው፣ ሁሉም ላቦራቶሪ አንዱን ነገር በአንድ ስም እንዲጠራው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። 41,000 የሚለው ቁጥር ብዛቱን እንጂ ማንነቱን አይነግረንም። ሊምፎሳይት የነጭ የደም ሴል ዓይነት ነው፤ ቢ ሊምፎሳይትና ቲ ሊምፎሳይት የሚባሉት ዓይነቶቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ትንሽ፣ ክብ፣ መሃሉ ጠቆር ያለ። ስታዲየም የላይኛው ወንበር ላይ ሆነሽ የተጫዋች ፊት መለየት ትችያለሽ? አትችዪም። የምታውቂው በለበሰው መለያ ነው።

ምርመራውም የሚያየው ይህንኑ መለያ ነው። ደሙ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመራል፣ እያንዳንዱ አንድ ሲዲ ብቻ ፈልጎ የሚጣበቅ፣ የሚያበራ ቀለም የተሸከመ። ከዚያ ሴሎቹ በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ አንድ በአንድ ተሰልፈው በሌዘር ፊት ያልፋሉ፣ በሰከንድ ሺዎች። ማሽኑ የትኛው ቀለም እንደበራ ይመዘግባል። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ ያለ ነጥብ ታያለሽ፤ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ሴል ናት።

በአባትሽ ዕድሜ ሊምፎሳይት እንዲህ ሲበዛ መጀመሪያ የምናስበው ሲኤልኤል የሚባለውን፣ ቀስ ብሎ የሚሄደውን የደም ካንሰር ነው። የሲኤልኤል ሴል ቢ ሴል ነው፤ ሲዲ 19 አለው። ግን በተለምዶ የቲ ሴል የሆነውን ሲዲ 5ንም ለብሶ ይገኛል፣ የራሱን ማሊያ አድርጎ የተቃራኒውን ቡድን ካልሲ እንዳጠለቀ ተጫዋች። ሲዲ 23ም ይኖረዋል።

እኔ በጣም የምወደው ግን ካፓና ላምዳ የሚለውን ክፍል ነው። ከጤነኛ ቢ ሴሎች አንዳንዱ ካፓ፣ አንዳንዱ ላምዳ የሚባል ፕሮቲን ይይዛል፤ ካፓው እጥፍ ገደማ ይሆናል እንጂ ሁለቱም አሉ። ሰው በኢንፌክሽን ምክንያት ቢ ሴሉ ቢበዛ እንኳን ድብልቁ እንዳለ ይቆያል። ሁሉም ካፓ ብቻ ወይም ሁሉም ላምዳ ብቻ ከሆነ ግን እነዚህ ሴሎች ከአንዲት እናት የወጡ ናቸው ማለት ነው። ካንሰሩን በኢንፌክሽን ከሚመጣ መብዛት የምንለየው በዚህ ነው።

ታዲያ ዝም ብሎ ቢጀመርስ? አይሆንም። ማንትል ሴል የሚባል ሊምፎማ፣ ማለትም የሊምፎሳይት ካንሰር አለ፤ እሱም ሲዲ 5 አለው፣ ሲዲ 23 ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። እሱ በአብዛኛው ፈጣን ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። ሲኤልኤል ከሆነና አባትሽ ክብደት ካልቀነሱ፣ ሌሊት በላብ ካልተዘፈቁ፣ ደም ማነስ ከሌለባቸው፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌታቸው ካልወረደ፣ ጣፊያቸውም ብዙ ካላበጠ ደግሞ ምንም መድኃኒት ላይጀመር ይችላል፤ በየጥቂት ወሩ ክትትል ብቻ። ምልክት ለሌለው ሰው ኬሞ ቀድሞ መስጠት ዕድሜ እንደማያስረዝም ተጠንቶ ታይቷል። ስለዚህ ለምርመራው የምትከፍሉት ገንዘብ አባትሽን ከማያስፈልግ ኬሞ ሊያድናቸው ይችላል። መታከም ካስፈለጋቸውም ሪቱክሲማብ የሚባለው መድኃኒት ሴሉን የሚያገኘው በሲዲ 20 ነው፤ መለያው ለሕክምናውም ይጠቅማል።

አንድ ነገር አደራ። ለጉልበታቸው ብሎ ሰው ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን እንዳይሰጣቸው። እነዚህ መድኃኒቶች ሊምፎሳይትን ስለሚገድሉ ውጤቱን ያደበዝዙታል። አስቀድመው እየወሰዱ ከሆነ በራሳቸው አያቁሙ፣ ለሐኪሙ ይንገሩት።

አንገታቸው ወይም ብብታቸው ላይ ያበጠ እጢ ካለም ያሳዩ። ሆጅኪን ሊምፎማን የመሰለው በደም አይገኝም፤ እጢው ተቆርጦ ሲዲ 30 እና ሲዲ 15 ሥጋው ላይ ይፈለጋል።

መጾም አያስፈልጋቸውም። ደሙ የሚቀዳው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው፣ በረዶ መሆን የለበትም፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ማሽኑ ጋ መድረስ አለበት፤ የሞተ ሴል መለያውን በትክክል አያሳይም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተቀድቶ ቅዳሜና እሁድን ተቀምጦ የተበላሸ ናሙና አይቻለሁ፣ ሰውየው እንደገና ከፍለው እንደገና ተቀዱ። ናሙናው ወደ ሌላ ቦታ የሚላክ ከሆነ መቼ እንደሚሄድ ጠይቂና አባትሽን ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ውሰጃቸው።