በእግር ስትሄድ ጭንቀቱ ከባሰብህ፣ ቶሎ አትመለስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «በእግር መሄድ ለጭንቀት ጥሩ ነው ሲሉኝ አንድ ሳምንት ሞከርኩ። ስሄድ ግን ሐሳቡ ይብስብኛል፣ ተናድጄ እመለሳለሁ። እናንተን ጠቅሟችኋል ወይ?» ነው ያልከው። እኔን ጠቅሞኛል። ግን መጀመሪያ ላይ እንዳንተው ብሶብኝ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ለሥራ ባልደረባዬ ዋስ ሆንኩ። ሰውየው ጠፋ። ዕዳው ከእኔ ደመወዝ ይቆረጥ ጀመር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይፈጣል፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ሂሳብ እሠራለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለመርሳት በርጫ ላይ ነኝ፣ ጫት እቅማለሁ። ምርቃናው እስኪወርድ ዓለም ሰላም ነው። ሲወርድ ድብርቱ፣ ከዚያ እንቅልፍ ማጣቱ። አቦ፣ በዕዳ ላይ ዕዳ ነበር የምጨምረው።

ያወጡኝ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። የድሮው ባቡር ቢቆምም የእሳቸው እግር አልቆመም። ሌሊት ሌሊት መብራቴ ሲበራ ያዩ ነበር መሰለኝ፣ አንድ ቀን ንጋት ላይ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን በሬን አንኳኩ። «እንቅልፍ ከሌለህ አልጋው ላይ ምን ትሠራለህ? ጫማህን አድርግ» አሉኝ። እምቢ ማለት አፈርኩ።

ሰፈራችን ድሬዳዋ ከዚራ ነው። ከዛፎቹ ሥር ወደ ለገሀር፣ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ሄድን። ሌላው ሰው ቢሆን የንጋቱን ነፋስ ያጣጥም ነበር፣ እኔ ግን ያ ሰውዬ ከፊቴ አልጠፋ አለ። በሆዴ እሰድበዋለሁ፣ እከሰዋለሁ፣ ይቅርታ ሲለምነኝ እምቢ እለዋለሁ። ለገሀር ስንደርስ ደረቴ ተጨንቆ «ጋሼ፣ እኔ ልመለስ» አልኳቸው። «እስከ ደቻቱ ድልድይ ድረስ» አሉኝ፤ ቆመውም አልጠበቁኝ።

ድልድዩ ላይ ወደ ታች አየሁ። የደቻቱ ወንዝ እንደ ልማዱ ደረቅ አሸዋ ነው። አንዲት ፍየል የፓስታ ካርቶን ታኝካለች። ስሙ የተጻፈበትን ጎን ትታ ባዶውን ጎን ነበር የምትበላው። ለምን ይሆን ብዬ ቆሜ አየኋት። ተሻግረን መጋላ ሰፈር ስንገባ ነው የገባኝ፦ ለጥቂት ደቂቃ ዕዳው ትዝ አላለኝም ነበር።

ስንት ደቂቃ እንደምትሄድ አልነገርከንም። ከሩብ ሰዓት በታች ከሆነ ግን የምትመለሰው ልክ የሚብስበት ቦታ ላይ ስትደርስ ነው። ቀኑን ሙሉ በሥራና በስልክ ስትሸፍነው የዋልከው ሐሳብ፣ ዝም ስትል መጀመሪያ ይወጣል። እኔ እስከ ዛሬ ያን ሩብ ሰዓት አልወደውም፤ ግን እንደሚያልፍ ስለማውቅ አልሟገተውም። ሰውነትም የራሱ ነገር አለው። ስንጨነቅ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፤ ሰውነት ለመሮጥ ወይ ለመታገል ይዘጋጃል። እኛ ደግሞ ወንበር ላይ ቁጭ እንላለን። መሄድ ያን የተወጠረውን ያፍታታዋል። የንጋት ብርሃን ደግሞ ማታ እንቅልፍ በሰዓቱ እንዲመጣ ይረዳል። እኔ መጀመሪያ ለውጥ ያየሁት በስሜቴ ሳይሆን በእንቅልፌ ነው፣ ያውም ሦስት ሳምንት ቆይቶ።

ስለ ሰዓቱ ልንገርህ። ሌላ አገር «በምሳ ሰዓት ወጣ በል» ይላሉ። ድሬ ላይ በግንቦት በምሳ ሰዓት ብትወጣ፣ የምትቀልጠው አንተ ነህ እንጂ ጭንቀትህ አይደለም። ንጋት ይሻላል። ማታም ይሆናል፣ ግን በማታ የበርጫ ጓደኞች ከየበሩ ይጠሩሃል፤ እኔ ስንት ቀን ቀርቻለሁ! በክረምት ደግሞ አሸዋው ላይ አትሂድ። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እያለ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በደቻቱ ይወርዳል። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን አይረሳም።

ስልክህን ያዝ፣ ግን ድምፁን አጥፋው። ማዳመጫም ይቅርብህ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ፣ አምስት ቀን ማለት ነው። ፍጥነቱ እያወራህ የምትሄድበት፣ ግን መዝፈን የሚያቅትህ ይሁን። ጋሼ ይዘፍናሉ፤ እሳቸውን ተዋቸው።

መንገዱ ከሰለቸህ ቅዳሜ ሐረር ውጣ። እኔ እህቴን ልጠይቅ ስሄድ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ዝም ብዬ እዞራለሁ። መኪና ግርግር ጋ የልብስ ሰፊዎቹን ማሽን እየሰማሁ፣ ከዚያ ወደ ጠባቦቹ መንገዶች። ብጠፋም ዞሮ ዞሮ ግንቡ ጋ ወይ አንዱ በር ጋ መድረሴ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ደረትህን የሚወጋህ ከሆነ፣ ወይ መኖር እስኪያስጠላህ ከደረሰ፣ ጫማህን አድርገህ ወደ ሐኪም ቤት ሂድ። ይህን ለብቻ አይሄዱትም።

የእኔ ዕዳ ያለቀው ባለፈው ጥር ነው፤ ያለቀውም በመሄድ ሳይሆን በመክፈል ነው። ሰውየው እስካሁን አልተገኘም። ከዚራ አካባቢ ከሆንክ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለገሀር ፊት ለፊት ና። ጋሼ ሰው አይጠብቁም፣ እንዳትዘገይ።