የልዩ እትም መጽሐፍ ሳጥን ያዋጣል? የኮዬ ፈጬ አንባብያን ጥያቄና መልስ

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምንኖር አንባብያን በየወሩ እየተሰበሰብን ስለ መጻሕፍት እንጨዋወታለን። በዚህ ወር የመጡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ያጠነጠኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ በወርሃዊ ክፍያ ከውጭ አገር በሳጥን ታሽገው በሚላኩ ልዩ እትም መጻሕፍት ላይ። መልሱ ለእኔ የተሰጠው በመጽሐፍ ጥረዛ ሥራ ላይ ስለቆየሁና እንዲህ ያሉ ሳጥኖችን በዘመድ በኩል ስላስመጣሁ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለመሆኑ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ያው መጽሐፍ በተራ ሽፋን እየተሸጠ ሰው ለምን ይህን ያህል ይከፍላል?

ልዩ እትም የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በወጣቶች ዘንድ የታወቁት እንደ ፌሪሉትና ኢሉሚክሬት ያሉ የእንግሊዝ ሳጥኖች ናቸው። አዲስ የወጣ ምናባዊ ልብ ወለድ ይመርጡና ለደንበኞቻቸው ብቻ ሽፋኑን ቀይረው፣ የገጾቹን ጠርዝ በቀለም አስጊጠው፣ ብዙ ጊዜም የደራሲውን ፊርማ ጨምረው ይልካሉ። አንዳንዶቹ ሻማ፣ ኩባያ፣ የገጽ ምልክትና የመሳሰለውን ኮተት ያክሉበታል። የአሜሪካው ኢስተን ፕሬስ ደግሞ የታወቁ የጥንት ሥራዎችን በቆዳ ለብጦ፣ ጠርዛቸውን በወርቅ ቀብቶ በየወሩ ይሸጣል። በ1947 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ፎሊዮ ሶሳይቲ ሥዕል ያለባቸውን፣ ብዙዎቹም ከነካርቶን ማኅደራቸው የሚመጡ መጻሕፍት ያሳትማል። ድሮ አባላቱ በዓመት አራት መጽሐፍ የመግዛት ግዴታ ነበረባቸው፤ ዛሬ ግን ማንም የፈለገውን አንዱን መርጦ መግዛት ይችላል።

ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ፎሊዮን ስትገዛ የምትገዛውን ታውቃለህ። የወጣቶቹን ሳጥን ስትገዛ ግን ሌላ ሰው የሚመርጥልህን መጽሐፍ ለመውሰድ አስቀድመህ ትስማማለህ። ትልቁ ውሳኔ ያ ነው፤ የሽፋኑ ማማር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት። ሳጥን ሲከፈት የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን እያየች አላስቀምጥ ብላኛለች። ለንደን ያለው ወንድሜ ሊከፍልላት ፈቃደኛ ነው። እሺ ልበል?

እሺም እምቢም ከማለትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ፣ እህቴ። ድርጅቶቹ ባለፉት ወራት የላኳቸውን መጻሕፍት ይፋ ያደርጋሉ። የአንድ ዓመቱን ዝርዝር ያውጡና ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብለው ሽፋኑን ሳታይ የእያንዳንዱን ታሪክ አጭር መግለጫ ያንብቡላት። «ይህን ባነብ ደስ ይለኛል» ያለችው ከግማሽ በታች ከሆነ ነገሩ አይሆንም፤ የወደደችው ሳጥን መክፈቱን እንጂ መጽሐፉን አይደለም ማለት ነው። ከግማሽ በላይ ከመረጠች ግን ጥሩ አንባቢ አለችዎትና አይከልክሏት። ያም ቢሆን ለዓመት ከመክፈል ወንድምዎ ለሦስት ወር ይሞክርላት።

ሳጥኑ ወደዚህ እንዳይላክ። በወንድምዎ አድራሻ ይቀመጥና ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው መጽሐፉን ብቻ ይያዝ። ሻማውን ወንድምዎ ለንደን ላይ ያብራው።

ጥያቄ፦ ራሴ ከዚህ ሆኜ ብመዘገብስ? በሩ ላይ ሲደርስ ስንት ይሆናል?

ማስታወቂያው ላይ የምታየው ዋጋ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ወፍራም ልብ ወለድ በጠንካራ ሽፋን ሲሆን ብቻውን ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ኩባያና ሻማ ሲታከልበት የመላኪያው ሒሳብ ከመጽሐፉ ዋጋ ጋር መፎካከር ይጀምራል። ጉምሩክ ዕቃውን የሚተምነው የማጓጓዣውንና የኢንሹራንሱን ወጪ ደምሮ ስለሆነ መላኪያው ሲወደድ ግብር የሚሰላበት ዋጋም አብሮ ያድጋል። መጽሐፉ በመጽሐፍነቱ፣ ሻማው በሻማነቱ ነው የሚታየው፤ «ሁሉም የመጽሐፍ ሳጥን ነው» ብሎ መከራከር ብዙ አይጠቅምም።

ከዚያ ምንዛሪው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻግሯል። ከዚያ በፊት በዓመት የሚያስፈልገውን በብር አስልቶ የተመዘገበ ሰው ሒሳቡ በመሐል ተገለበጠበት። ወርሃዊ ክፍያ ማለት በማታውቀው የነገ ምንዛሪ መዋዋል ነው።

መጨረሻ ላይ ጊዜህ አለ። ፖስታ ብዙውን ጊዜ በር አያንኳኳልንም። ሳጥን ቁጥርህ ውስጥ ጥቅል መምጣቱን የምትነግር ወረቀት ታገኛለህ፣ መታወቂያህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ጥቅሉ ይከፈታል፣ ይታያል፣ ይተመናል። ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ደርሶ መመለስ የሥራ ቀን እንደሚበላ ለእናንተ አልነግራችሁም። እኔ በዚህ መንገድ በየወሩ አስመጡ ብዬ ማንንም አልመክርም።

ጥያቄ፦ ጥራቱስ? «ልዩ» የተባለው በእርግጥ ልዩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ደስ የሚለኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ብትፈቅዱልኝ ትንሽ ላስረዝመው።

መጽሐፉን ዝጋና የጀርባውን የላይኛውን ጫፍ ከአናቱ በኩል ተመልከት። ገጾቹ በትንንሽ እጥፎች ተከፋፍለው፣ እጥፎቹ ጎን ለጎን ጎበጥ ጎበጥ ብለው ከታዩህ የተሰፋ የመሆን ተስፋ አለው። ለማረጋገጥ ከእጥፎቹ የአንዱን መሐል ገጽ ክፈት፤ ክሩን ታየዋለህ። ገጾቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው በሙጫ ብቻ ከተያያዙ ግን ሽፋኑ ምንም ቢያብረቀርቅ መጽሐፉ ከተራው እትም ዕድሜ ብዙም አይበልጥም። ሙጫው ሲደርቅ ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ገጹም አንድ በአንድ ይለቃል። የአገራችን ብራና መጽሐፍ በሁለት የእንጨት ገበታ መሐል በክር ተሰፍቶ፣ ጀርባው ሙጫ ሳይነካው መቶ ዓመታትን የሚሻገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጥራዙ ጫፍ ብቅ የምትለዋ ባለ ቀለም ጥልፍ አታታልላችሁ። ድሮ ጥራዙን የምታጠነክር የእጅ ስፌት ነበረች፤ ዛሬ በብዛት በሜትር ተገዝታ የምትለጠፍ ጌጥ ናት።

ቆዳ ከተባለ ምን ዓይነት ቆዳ እንደሆነ አንብብ። የቆዳ ፍርፋሪ ተፈጭቶ ከማጣበቂያ ጋር የተጋገረው ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ መታጠፊያው ላይ ይላጣል። ጥሩ ጨርቅ ከእንዲህ ያለ ቆዳ ይሻላል። ሽፋኑ ላይ ወርቅ መስሎ የሚያብረቀርቀውም አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የታተመ ባለ ቀለም ፎይል ነው፤ በጣት ብዙ ሲታሽ ይለቃል። የወረቀቱን ነገር በተመለከተ ከአሲድ ነጻ መሆኑ ተጽፎ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ የርካሽ ወረቀት ገጽ ቶሎ ቢጫ ይሆናል።

ከወጣቶቹ ሳጥን የመጡልኝን ስመረምር ጌጡ ብዙ፣ ስፌቱ ግን ጥቂት ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ጥያቄ፦ ፊርማውስ? ደራሲው በእጁ የፈረመው ነው?

ብዙውን ጊዜ አዎ፣ መጽሐፉን ግን ላያየው ይችላል። አሳታሚው ባዶ ወረቀቶችን በክምር ይልክለታል፤ እሱ ፈርሞ ይመልሳል፤ ወረቀቶቹ በጥረዛ ጊዜ ይገባሉ። ከዚህ የሚያንሰው በተለጣፊ ወረቀት ላይ የተፈረመው ነው። ከሁሉ የሚያንሰው የታተመ ፊርማ ነው። በመስኮት ብርሃን ገጹን አዘንብለህ በአጉሊ መነጽር እየው፤ እውነተኛ ቀለም እጁ በቆመበት ቦታ ጠቆር ይላል፣ የታተመው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የማስበው እንደ ሀብት ነው። ሳይከፈት አስቀምጬ ከዓመታት በኋላ ብሸጠው አያተርፈኝም?

አይመስለኝም። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 2000 ድረስ የሠራው ፍራንክሊን ላይብረሪ በቆዳ የተለበጡ መጻሕፍቱን ለቅርስ የሚሆኑ እያለ በብዛት ሸጧል፤ ዛሬ ብዙዎቹ በአሮጌ መጽሐፍ ገበያ ያን ያህል ዋጋ አያወጡም። ሁሉም ሰው ለትርፍ ያስቀመጠው ነገር ብርቅ አይሆንም። ከወጣቶቹ ሳጥን ጥቂቶቹ ዋጋቸው ሲሰቀል አይተናል፤ የትኛው እንደሚሰቀል ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፣ ገዢዎቹም ያሉት በውጭ ነው። እዚህ ለማን ትሸጠዋለህ? የለገሃር አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ጠርዙ ሐምራዊ ስለሆነ ተጨማሪ አይከፍልህም።

ቁጥር የተጻፈበትን ከሌላው ለይ። «ከ500ው 340ኛው» ተብሎ የተጻፈ እትም ስንት እንደታተመ ይናገራል። «ለእኛ ደንበኞች ብቻ» የሚለው ግን ስለ ብዛቱ ምንም አይልም።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ የሀብታም ቅብጠት አይደለም?

ቆንጆ መጽሐፍ መውደድ ቅብጠት አይደለም። አባቶቻችን ዳዊታቸውን በድጉስ ቆዳ ለብጠው፣ በማኅደር ከተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። ልዩነቱ ያንን ዳዊት በየቀኑ ማንበባቸው ነው።

ጥያቄ፦ ለአምስት ሆነን አንድ ምዝገባ ብንካፈልስ?

መጽሐፉ አንድ፣ እናንተ አምስት፤ በሦስተኛው ወር ትጣላላችሁ። ከዚያ ይልቅ የመጽሐፍ ዕቁብ ግቡ። በየወሩ አምስታችሁም ታዋጣላችሁ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው የሚወደውን አንድ ልዩ እትም ራሱ መርጦ ይገዛል። መላኪያው አንድ ጊዜ ነው፣ መራጩም ገዢው ነው። ለቀሩት ማዋስ ግዴታ ይሁን፤ እጅ ታጥቦ፣ ቡና ሳይቀርብበት።

ጥያቄ፦ ምዝገባውን ማቋረጥ ያስቸግራል ይባላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1926 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ የተጀመረው የወሩ መጽሐፍ ክበብ «አልፈልግም» የምትለዋን ካርድ በጊዜ ካልመለስክ መጽሐፉን ከነሒሳቡ ይልክልህ ነበር። ዛሬ ካርዷ የለችም፣ አሠራሩ ግን ቀጥሏል፤ ዝም ካልክ ይከፈልብሃል። ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት ሦስት ነገር ፈልግ፦ አንድ ወር መዝለል ይቻላል ወይ፣ የማቋረጫው የመጨረሻ ቀን መቼ ነው፣ ቅድመ ክፍያ ተመላሽ ይሆናል ወይ። የሚከፍልልህ ዘመድ ከሆነ ቀኑን አንተ መዝግብ፤ ዘመድህ ይረሳዋል፣ አንተም ይሉኝታ ይዞህ አታስታውሰውም።

ጥያቄ፦ ምድር ቤት ነው የምኖረው። ያሉኝን ቆንጆ መጻሕፍት ክረምቱ እንዳያበላሽብኝ ምን ላድርግ?

መደርደሪያውን ከውጭ ግድግዳ አራት አምስት ጣት አርቀው፤ አየር ይለፍበት። የታችኛውን መደብ ባዶ ተወው። በፕላስቲክ አትጠቅልል፣ እርጥበቱን አፍኖ ሻጋታ ያበቅላል። በጋ ሲሆን ደግሞ ጠላቱ ከሰዓት በኋላ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ነው፤ የጀርባውን ቀለም ሳታውቀው ያነጣዋል። የመንገዳችን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ አይነካም፤ መጽሐፉን አጥብቀህ ይዘህ በለስላሳ ብሩሽ ከጀርባ ወደ ውጭ ጥረግ።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን ለሳጥን ከማውጣት አባቴ የተዉልኝን አሮጌ የአማርኛ መጻሕፍት ባስጠርዝስ?

እኔ ብሆን የማደርገው ይህንን ነው። ግን ተጠንቅቀህ አስጠርዝ። ብዙ ጠራዥ ሥራ ለማፍጠን የመጽሐፉን ጀርባ በማሽን ቆርጦ በሙጫ ይለጥፋል፤ ስፌት የነበረው መጽሐፍ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ በወጉ አይሰፋም። «ጀርባውን አትቁረጥ፣ በድሮው እጥፍ ስፋልኝ» በለው። የሦስቱን ጎን ጠርዝም እንዳያስተካክል ንገረው፤ አባትህ በገጹ ዳር በእርሳስ የጻፉት ነገር ካለ ከቁራጩ ጋር ይሄዳል። የድሮውን ሽፋንም ሳይጥል ይመልስልህ፤ አዲሱ ሽፋን ውስጥ ሊለጠፍ ይችላል። መጀመሪያ የማታዝንበትን አንድ መጽሐፍ ሰጥተህ እጁን እየው።