«መኖርማ እኔው አስተምራቸዋለሁ»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፤ እኔ ከ4ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ዕድሜዬ 39 ነው። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። ሰፈራችን የልብስ ስፌት ስልጠና ተከፈተ ሲባል ሮጬ ተመዘገብኩ። እነሱ ግን ማሽኑን ጥግ አቁመው «የሕይወት ክህሎት» እያሉ ያስቀምጡናል። ሰው ፊት እንዴት እንደሚወራ፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚያዝ፣ ንዴት እንዴት እንደሚበርድ። እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጅ ብቻዬን ያሳደግኩ ሰው ነኝ። መኖርማ እኔው አስተምራቸዋለሁ! ስልጠናው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስለሆነ ገበያዬም እየቀረ ነው። ልቀጥል ወይስ ልተወው?
(ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አትተዪው፣ እህቴ። ስለ ንዴቱ ትምህርት ግን ካንቺ ጋር ነኝ። ቀፊራ ውስጥ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር የምትውል ሴት ስለ ትዕግሥት ምን ይነገራታል? ያን ቀን ሹልክ ብለሽ ሽንኩርትሽን ብትሸጪ እኔ አልታዘብሽም።

የቀረውን ግን ቁጭ ብለሽ ተማሪ። ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ። የማታ ጎልማሶችን ሳስተምር አንዲት እናት ነበረች። ሂሳብ በቃሏ ስታወጣ እኛ አስተማሪዎቹ አንደርስባትም። አንድ ቀን የሥራ ማመልከቻ ፎርም ሰጠኋት። አየት አደረገችው፣ አራት ላይ አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና «መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ» አለችኝ። መነጽር ኖሯት አያውቅም። ፎርሙ ላይ እኮ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ዘመን ነው የተጠየቀችው። ሥራ የሚያመልጠን ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው፤ ማሽኑ ጋ ገና ሳንደርስ።

ፎርሙ ላይ «ልዩ ችሎታ» የሚል መስመር አለ። ሁሉም ባዶውን ይተወዋል። አንቺ ቀፊራ ስትውዪ በስንት ቋንቋ ትሸጫለሽ? ለአንዷ በኦሮምኛ፣ ለሌላዋ በሶማሊኛ፣ ለሦስተኛዋ በአማርኛ። ከነዱቤው በቃልሽ ይዘሽ። የድሬ ሰው ይህን እንደ ችሎታ አይቆጥረውም፤ አየር እንደ መተንፈስ ነው የሚያየው። ሠራተኞቹ ግማሹ በአንድ፣ ግማሹ በሌላ ቋንቋ ለሚያወሩበት የፋብሪካ አለቃ ግን ትልቅ ነገር ነው። ጻፊው። ሲጠይቁሽም አፍሽን ሞልተሽ ተናገሪው። «ሰው ፊት እንዴት ይወራል» የሚሉት ትምህርት በደንብ ከተሰጠ ይኸው ነው። በደንብ ካልተሰጠ ደግሞ እጅሽን አውጥተሽ «ቃለ መጠይቁን እንለማመድ» በያቸው። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ መገልበጥ ብቻ ከሆነ ልክ ነሽ፣ ጊዜ ማባከን ነው።

የገንዘቡም ትምህርት ዕቁብ መጣልን ላንቺ ለማስተማር ከሆነ ይቅርብሽ። የደመወዝ ወረቀት እንዲያስነብቡሽ ግን አስገድጃቸው። ደመወዝሽ 3,000 ብር ቢሆን ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ 210 ብር ማለት ነው። አሠሪሽ ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ይህን ያላወቀች ሴት «ብሬን በሉኝ» ብላ በሁለተኛው ወር ሥራ ጥላ ትወጣለች። በተቃራኒው እውነት የተበላችው ደግሞ ዝም ትላለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ መደበኛውን ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎታል። በሳምንት ዕረፍትሽ ከሠራሽ ክፍያው ሁለት እጥፍ ነው፤ በሕዝብ በዓል ሁለት እጥፍ ተኩል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። ውል በጽሑፍ ካልተፈራረማችሁ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞበት በጽሑፍ ሊሰጥሽ ይገባል። የምትፈርሚበትን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ፤ ካልገባሽ ልጅሽ ታንብብልሽ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጻፈች ልጅ አታንስም።

አሁን ወደ ማሽኑ። ሄደሽ እይው። በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ነው ወይስ የኢንዱስትሪ ማሽን? ቤትሽ በር ላይ ቀሚስ ልትሰፊ ካሰብሽ ሲንጀሩ ይበቃሻል። ሐሳብሽ መልካ ጀብዱ በኩል ያለው፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረውና አሁን ነፃ የንግድ ቀጠና የሆነው ቦታ ፋብሪካ መግባት ከሆነ ግን ሌላ ነው። የኢንዱስትሪው ማሽን ገና ስትነኪው ይፈተለካል፤ እጅሽ እስኪለምደው ጨርቁን ይበላብሻል። በዚያ ላይ ፋብሪካ ውስጥ ሙሉ ልብስ የሚሰፋ ሰው የለም። አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ ኪስ፣ ያውም በሰዓት ይህን ያህል ተብሎ። ሙሉ ቀሚስ መስፋት የምትወድ ሴት እዚያ ትሰለቻለች። ሁለቱ ሥራ የተለያየ ነውና የቱን እንደምትፈልጊ አሁኑኑ ወስኚ።

ሰዓቱንም ተነጋገሩ። የድሬን ፀሐይ የማያውቅ ሰው ነው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስልጠና የሚያዘጋጀው። በእንቅልፍና በላብ መሀል ምን ይገባል? ገበያሽም እንዳይዘጋ ወደ ማምሻው እንዲያዞሩት ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ ጠይቁ። ለብቻሽ ከሄድሽ «እሺ እናያለን» ይሉሻል፤ ዐሥር ሆናችሁ ስትሄዱ ያዩታል።

ክፍያ ከጠየቁሽ፣ በተለይ «ሥራ እናስገባለን» ብለው ከሆነ፣ ስትጨርሺ ለሲኦሲ፣ ለሙያ ብቃት ምዘና ማለት ነው፣ ያቀርቡሽ እንደሆነ ሳትጠይቂ ቦርሳሽን አትክፈቺ። ፊደሉ ካስቸገረሽም ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት አለ፤ ንባብና ሂሳቡን ከጤናና ከገቢ ሥራ ጋር አያይዞ ነው የሚያስተምረው። ወረዳሽ ሄደሽ የትኛው ትምህርት ቤት እንዳለ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 57 ነው። ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽኑን ማለቴ ነው፣ የለመድኩት ከዚራ፣ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ከወጣሁ ወዲህ በሰው ጋራዥ እሠራለሁ። አሁን አንድ ድርጅት ሊቀጥረኝ ፈልጎ «ወረቀት አምጣ» አለኝ። ወረቀት የለኝም። ከልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ከደረጃ 1 ልጀምር?
(ከለገሀሬ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ኧረ በጭራሽ! በልምድ የተማረ ሰው ክፍል ሳይገባ ለሙያ ብቃት ምዘና መቅረብ ይችላል። ሲኦሲ የሚሉት እሱ ነው። መታወቂያዎንና የሠሩበትን የሚገልጽ ማስረጃ ይያዙና የምዘና ማዕከሉ ሄደው ለየትኛው ደረጃ መቅረብ እንደሚችሉ ይጠይቁ። ተግባሩ አያሳስበኝም። የጽሑፍ ፈተናው ነው እርስዎን የመሰሉ ባለሙያዎችን የሚጥለው፤ እጅ የሚያውቀውን በመጽሐፍ ቋንቋ ይጠይቃልና። ቴክኒክና ሙያ የሚማር ወጣት ከሰፈር ይፈልጉ። እሱ ደብተሩን ያስጠናዎት፣ እርስዎ ቶርኖውን ያሳዩት። ደግሞ በተግባር ፈተናው የደህንነት ነገር እንደሚያስቆጥር አይርሱ። ዓይንዎን ይሸፍኑ፣ እጅጌዎን ይሰብስቡ። ቶርኖ ላይ ጓንት እንደማይደረግማ እርስዎ ነዎት ለእኔ የሚነግሩኝ።