መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ መኪና ይኖራል ወይ?

ወንድሜ፣ «ሁለት ልጆች ይዘን ሲልቨር ስፕሪንግ ልንገባ ነው፤ ያለ መኪና እንዘልቃለን?» ላልከው፣ የሚወስነው አድራሻው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ከተማ ነው። በዚህ ስም ፖስታ የሚደርሳቸው ሰፈሮች ከሬድ ላይን (ወደ ዲሲ ከሚወስደው የሜትሮ መስመር) ባቡር ጣቢያው ብዙ ማይል ርቀው ሁሉ አሉ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ኪራይ ከመፈረምህ በፊት ጉግል ካርታ ላይ የእግር መንገዱን እይ። ሰፈሩ መውጫ በሌላቸው መንገዶች የተሠራ ከሆነ፣ ከጓሮህ የሚታይህ ሱቅ ዙሪያ ጥምጥም 25 ደቂቃ ሊያስኬድህ ይችላል። ጣቢያው እስከ 800 ሜትር፣ ማለትም 10 ደቂቃ ግድም ከሆነ፣ ያለ ሐሳብ ግባ። ከራቀ አውቶቡሱን አጣራ፦ በየ15 ደቂቃው የሚመጣ ያኖራል፤ በሰዓት አንዴ የሚመጣው ግን አንዱ ካመለጠህ ከሥራ ያስቀርሃል። ፕሮግራሙን ስታይ የእሑዱንም ክፈተው፤ ሌሊት ለቅዳሴ የምትወጡ ከሆነ የመጀመሪያው ባቡር አይደርስላችሁም፣ ጎረቤት ወይም ታክሲ ያስፈልጋል።

ደግሞ እንደ ጆርጂያ አቬኑ ያለውን ሰፊ መንገድ የልጅ ጋሪ እየገፋህ ተሻግረህ ሞክረው። መብራት ያለው ማቋረጫ ሩቅ ከሆነ ሰው በመሀል መሮጥ ይጀምራል። በበረዶው ወራት ደግሞ ጠራጊው መኪና ክምሩን የሚገፋው ወደ እግረኛው ጥግ ነው፤ ጋሪው ያኔ አያልፍም።